የጨረቃውን ሰው ጭስ ማድረግ፦ የሜሊዬስን ብልሃት በስልክ ካሜራ ለመሥራት የሚረዳ መመሪያ

«ወደ ጨረቃ ጉዞ» በተባለው የፈረንሳይ ድምፅ አልባ ፊልም ውስጥ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ከጨረቃ ነዋሪዎች አንዱን በዣንጥላው ሲመታው፣ የተመታው ፍጡር በዚያው ቅጽበት ጭስ ሆኖ ይጠፋል። ፊልሙ በ1902 ለሕዝብ የቀረበ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሠራው ዦርዥ ሜሊዬስ ሲሆን፣ ፕሮፌሰር ባርበንፉዪን ሆኖ የሚተውነውም ራሱ ነው። ያንን የጭስ ትዕይንት ዛሬ ማንም ሰው አንድ ስልክ፣ አንድ ዣንጥላ፣ አንድ እፍኝ ዱቄትና ሦስት ታጋሽ ጓደኞች ይዞ በግማሽ ቀን ሊሠራው ይችላል። ይህ መመሪያ አንድ ደቂቃ ገደማ የሚሆን አጭር ፊልም እስከሚያልቅ ድረስ ሥራውን በየተራ ያስረዳል። ፊልሙን ደጋግሞ ከማየት ይልቅ ብልሃቱን አንድ ጊዜ በእጅ መሥራት ስለ ሜሊዬስ ብዙ እንደሚያስተምር አምናለሁ፤ ምክንያቱም ሰውየው ምን ያህል እንደተጠነቀቀ የሚገባን የራሳችን ጨረቃ ከቦታዋ ስትዘል ስናይ ነው።

ካሜራውን ከማንሳትዎ በፊት ግን ፊልሙን በትክክለኛ ፍጥነቱ ይመልከቱት። የፊልሙ ርዝመት 260 ሜትር ያህል ነው፤ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ሜትሩ 52 ያህል ምስሎችን ስለሚይዝ፣ በጠቅላላው 13,500 ያህል ምስል አለው ማለት ነው። በሰከንድ 16 ምስል ቢታይ 14 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ በኋላ ዘመን በተለመደው በሰከንድ 24 ምስል ቢታይ ግን ከ10 ደቂቃ በታች ያልቃል። ስለዚህ ያገኙት ቅጂ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ብቻ ከሆነ በማጫወቻው ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ ያድርጉት። በጥድፊያ የሚሮጡት ሰዎች እንደ ሰው መራመድ ይጀምራሉ፤ ቀልዱም ያን ጊዜ ይታያል።

በዚህ እይታ ላይ ሦስት ቦታዎችን ለይተው ይያዙ። የመጀመሪያው በሊቃውንቱ ጉባኤ መክፈቻ ላይ የሥነ ፈለክ ሊቃውንቱ በእጃቸው የያዟቸው የሩቅ ማያ መነጽሮች (ቴሌስኮፖች) ወደ በርጩማ የሚለወጡበት ነው። ሁለተኛው ባርበንፉዪ በጨረቃ ዋሻ ውስጥ ዣንጥላውን መሬት ላይ ሲተክል ዣንጥላው እንጉዳይ የሚሆንበት ነው። ሦስተኛው ከላይ የጠቀስኩት ጭስ ነው። በእያንዳንዱ ቦታ ቪዲዮውን አቁመው ምስል በምስል ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሱት፤ ዓይንዎንም ከሚጠፋው ነገር ላይ አንሥተው በማይጠፉት ነገሮች ላይ ያሳርፉት። ቀሪዎቹ ተዋንያን ክንዳቸውን የት እንደያዙ፣ ከበስተጀርባ የተሳለው ድንጋይ ከቦታው መነቃነቁን ወይም አለመነቃነቁን ይመርምሩ። የሥራው ምሥጢር ያለው በቀሩት ላይ ነው።

ስለ ብልሃቱ አመጣጥ ሜሊዬስ ራሱ የተረከው ታሪክ አለ። በፓሪስ በኦፔራ አደባባይ ቀረጻ ላይ ሳለ ካሜራው ተያዘበት፤ እስኪያስተካክለው አንድ ደቂቃ ያህል አለፈ። በኋላ ፊልሙን ሲያሳይ የሕዝብ ማመላለሻው ሠረገላ በድንገት ወደ አስከሬን ማመላለሻ፣ ወንዶቹም ወደ ሴቶች ተለውጠው አየ። ታሪኩ ውብ ነው፤ ነገር ግን ካሜራን አቁሞ ሰውን በሌላ ነገር የመተካት ዘዴ በ1895 በአሜሪካ በኤዲሰን ድርጅት በተሠራ አጭር ፊልም ላይ ቀድሞ ይታያል። የሜሊዬስ ድርሻ ሌላ ነው። ከ1888 ጀምሮ በፓሪስ የሮቤር-ኡዳን ቴአትር ባለቤት የነበረ ምትሃተኛ በመሆኑ፣ የተመልካች ዓይን በየትኛው ቅጽበት የት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። ኔጋቲቮቹን፣ ማለትም የማሳያ ቅጂዎች የሚታተሙባቸውን የመጀመሪያ ፊልሞች፣ በኋላ የመረመሩ ተመራማሪዎችም ለውጡ በሚፈጸምባቸው ቦታዎች ላይ የመቀስና የማጣበቂያ ምልክት አግኝተዋል፤ ሜሊዬስ ካሜራውን በማቆም ብቻ ሳይወሰን፣ ከማቆሚያው በፊትና በኋላ ያሉትን ትርፍ ምስሎች ቆርጦ ሁለቱን ጫፎች ያገጣጥም ነበር ማለት ነው። እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ካሜራውንና ቦታውን ማዘጋጀት

ስልኩ ከቀረጻው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው የፀጉር ስፋት እንኳ መነቃነቅ የለበትም። ባለሦስት እግር ማቆሚያ ካለዎት ጥሩ ነው፤ ከሌለዎት ከባድ ጠረጴዛ ላይ መጻሕፍት ደራርበው ስልኩን በጎን አስተኝተው በገመድ ወይም በፕላስተር ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። ጠረጴዛው የተቀመጠበት ወለል ሰው ሲራመድበት የሚርገበገብ ጣውላ ከሆነ ቦታውን ይቀይሩ። ስልኩን በበረራ ሁኔታ ላይ ያድርጉት፤ በቀረጻ መሐል የሚመጣ ጥሪ ቀረጻውን ሊያቋርጥ፣ ንዝረቱም ስልኩን ሊያነቃንቅ ይችላል። ከዚያ በማያው ላይ ተዋናዩ የሚቆምበትን ቦታ ጣትዎን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ በብዙ ስልኮች ላይ ይህ ፎከሱንና የብርሃን መጠኑን ይቆልፈዋል። ይህን ካላደረጉ ነጭ የለበሰው ተዋናይ ከቦታው ሲወጣ ስልኩ በራሱ ብርሃኑን ያስተካክላል፤ በለውጡ ቅጽበትም ግድግዳው በሙሉ ይደምቃል ወይም ይጨልማል። ተመልካቹ ምን እንደተደረገ ባይገባው እንኳ አንድ ነገር እንደተደረገ ያውቅበታል።

ብርሃኑ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሜሊዬስ በ1897 በፓሪስ አቅራቢያ በሞንትሬይ ያሠራው ስቱዲዮ ጣሪያውም ግድግዳውም መስታወት የሆነ ቤት ነበር፤ ሥራውም በፀሐይ ብርሃን ላይ የተመሠረተ ነበር። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ቦታዋን ስለምትለውጥ፣ ተዋንያንን ለመተካት አሥር ደቂቃ ቢፈጅብዎት የጥላዎች አቅጣጫ በሁለት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይዞራል፤ ይህም በግድግዳ ላይ ባረፈ ጥላ ላይ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ ውጭ የሚሠሩ ከሆነ ከቤት ጥላ ሥር፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ ይሥሩ፤ ደመና እየመጣ የሚሄድበትን ቀንም ይተዉት። ቤት ውስጥ ከሆነ መጋረጃውን ዘግተው በአምፖል መብራት ይሥሩ፤ በሩንም ይቆልፉ። የመጀመሪያው ሙከራዬ የተበላሸው አንድ ሰው በመሐል በሩን ገርበብ አድርጎ በመውጣቱ ብቻ ነው፤ በጥሩ ሁኔታ የተቀረጸው ትዕይንት በግራ በኩል በገባ የቀን ብርሃን ምክንያት ተጣለ።

ለጨረቃው ገጽታ ትልልቅ ካርቶኖችን ቀጥለው ተራራና ዋሻ ይሳሉባቸው። ቀለሙ ግራጫ፣ ነጭና ጥቁር ብቻ ይሁን። በዚያ ዘመን የነበረው ፊልም ሰማያዊን አንጥቶ ቀይን አጥቁሮ ስለሚያሳይ፣ ሜሊዬስ መድረኩንም አልባሳቱንም በግራጫ ደረጃዎች ነበር የሚያዘጋጀው። ቀለም ያላቸው ቅጂዎች በኋላ በኤሊዛቤት ቱሊዬ የፊልም ማቅለሚያ ቤት ሴት ሠራተኞች እያንዳንዷን ምስል በብሩሽ እየቀቡ የሠሯቸው ናቸው። በስልክዎ በጥቁርና ነጭ የሚቀርጹ ከሆነ ቀለማቱን በዓይንዎ አይመኑ፤ በማያው በኩል ሲታዩ አረንጓዴው ዣንጥላና ቀዩ ካባ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው አንዱ በሌላው ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። በሰማዩ ላይ ደግሞ አምስት ወይም ስድስት ከዋክብትን በተለያየ ርቀት ይሳሉ። ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ ጥቅማቸውን ወዲያው እንደርስበታለን።

ጭሱ

ሁለት ተዋንያን ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ፕሮፌሰር፣ ሌላው የጨረቃ ሰው። ሜሊዬስ ለጨረቃ ሰዎች ፎሊ ቤርዤር የተባለውን የፓሪስ የትርኢት ቤት አክሮባቶች ስለተጠቀመ ፍጡራኑ እየተገለባበጡ ይመጣሉ። ከጓደኞችዎ መሐል መገለባበጥ ወይም ቢያንስ እንደ እንቁራሪት መዝለል የሚችለውን ለዚህ ሚና ይምረጡ። ሦስተኛው ሰው ከካሜራው እይታ ውጭ ተንበርክኮ ዱቄቱን የሚወረውረው ነው። በፕላስተር ቁራጭ ሁለቱም ተዋንያን የሚቆሙበትን ቦታ ወለሉ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ምልክቱ በካሜራ የማይታይ መሆኑን ያረጋግጡ።

ቀረጻውን ይጀምሩና እስከ መጨረሻው አያቁሙት። ሜሊዬስ የካሜራውን እጀታ ማዞር ያቆም ነበር፤ እኛ ግን ስልኩን በነካን ቁጥር ስለምናነቃንቀው ሳናቋርጥ ቀርጸን ትርፉን በኋላ እንቆርጣለን። የጨረቃው ሰው እየዘለለ ይምጣ፣ ፕሮፌሰሩን ያስፈራራው፤ ፕሮፌሰሩም ዣንጥላውን ከፍ አድርጎ በትከሻው ላይ ያውርደው። ዣንጥላው ትከሻውን እንደነካ እርስዎ «ቁሙ!» ይበሉ። በዚህ ጊዜ ፕሮፌሰሩ ትንፋሹን ጭምር ይዞ ይደርቃል። ከዋክብቱ የሚጠቅሙት አሁን ነው፦ የዣንጥላው ጫፍ በማያው ላይ በየትኛው ኮከብ ሥር እንዳለ፣ የባርኔጣው ጠርዝ ከየትኛው ተራራ ጫፍ ጋር እንደተስተካከለ ስልኩን ሳይነኩ አይተው ያስታውሱ። የጨረቃው ሰው ዣንጥላውን ሳይገፋ ጎንበስ ብሎ ይውጣ። የፕሮፌሰሩ ክንድ ደክሞት ዝቅ ካለ «ጥቂት ከፍ፣ ወደ ኮከቡ» እያሉ ወደ ቦታው ይመልሱት።

አሁን ዱቄት ወርዋሪው የጨረቃው ሰው ቆሞበት ወደነበረው ቦታ አንድ እፍኝ ዱቄት ከታች ወደ ላይ ይበትናል፤ ፕሮፌሰሩም ዱቄቱ ደረቱ ጋ እንደደረሰ ዣንጥላውን እስከ መሬት አውርዶ፣ ወደ ኋላ ደንግጦ፣ ባዶውን ቦታ በዣንጥላው ጫፍ እየነካካ ይፈልገዋል። ሜሊዬስ እውነተኛ ጭስ ይጠቀም ነበር፤ እርስዎ ግን ርችትም ሆነ ማንኛውንም የሚፈነዳ ነገር አይሞክሩ። በአየር ላይ የተበተነ ዱቄት ራሱ እሳት ካገኘ በቅጽበት ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ በአካባቢው የከሰል ምድጃ፣ ሻማም ሆነ የበራ ሲጋራ እንዳይኖር፤ ሥራውም አየር እንደ ልብ በሚገባበት ቦታ ይሁን። ተዋናዩም ለጥቂት ሰከንድ ዓይኑንና ትንፋሹን ይጠብቅ። ዱቄቱ አልባሳቱን ስለሚያነጣ በአንድ ልብስ ከሁለት ወይም ከሦስት ሙከራ በላይ አይገኝም፤ ስለዚህ ያለ ዱቄት አሥር ጊዜ ተለማምደው በዱቄት አንድ ጊዜ ይቅረጹ።

ቅንብሩ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የመጀመሪያው ክፍል የሚያበቃው ዣንጥላው ትከሻውን በነካበት ምስል ላይ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል የሚጀምረው ግን ዱቄቱ መበተን በጀመረበት ሳይሆን አድጎ የሰው ቁመት ባከለበት ምስል ላይ ነው። የወርዋሪው እጅ፣ የዱቄቱ አነሳስ፣ ያ ሁሉ ይቆረጣል። ጀማሪዎች ዱቄቱን ከመነሻው ለማሳየት ይሳሳሉ፤ ያን ጊዜ ተመልካቹ የተበተነ ዱቄት ያያል። መነሻው ሲቆረጥ ግን ሰውየው ራሱ የፈነዳ ይመስላል። ልዩነቱ አራት ወይም አምስት ምስል፣ ማለትም ከአንድ ሰከንድ አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በስልኩ ማቀናበሪያ ውስጥ ምስሎቹ የተደረደሩበትን መስመር እስከ መጨረሻ አስፍተው አንድ አንድ ምስል እየቀነሱ ይሞክሩት። መጋጠሚያው ላይ የፕሮፌሰሩ ክንድ ሽቅብ የሚዘል ከሆነ ከሁለተኛው ክፍል መጀመሪያ ጥቂት ምስሎች ይቀንሱለት፤ ክንዱ ወደ ታች በመሄድ ላይ እያለ የሚደረግ ቅያሬ በቆመ ክንድ ላይ ከሚደረገው ይልቅ ይሸሸጋል።

ጨረቃዋን ማስጠጋት

ከዚህ ፊልም በዓለም የታወቀችው ምስል መንኮራኩሩ ዓይኗ ላይ የተሰካባት ባለ ፊት ጨረቃ ናት። ከዚያ ቀደም ብሎ ካሜራው ወደ ጨረቃዋ የሚቀርብ ይመስላል፤ ካሜራው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ሜሊዬስ ተዋናዩን እስከ አንገቱ በጥቁር ቬሉቶ ሸፍኖ በሐዲድ ላይ በሚንሸራተት ወንበር አስቀምጦ ወደ ካሜራው አስጎተተው። ባለ ጎማ የቢሮ ወንበር ካለዎት ይህ ከጭሱ ይቀላል። ከወንበሩ በስተጀርባ ጥቁር ጨርቅ ይዘርጉ፤ ተዋናዩን በሌላ ጥቁር ጨርቅ እስከ አገጩ ይሸፍኑት፤ ፊቱን በነጭ ቀለም ቀብተው ጠርዙ ላይ በካርቶን የተሠራ ክብ ያድርጉለት። ወንበሩ በወለሉ ላይ በተሰመረ ቀጥተኛ መስመር ላይ በገመድ በእኩል ፍጥነት ይጎተት። ካርቶን መንኮራኩሩ ዓይኑ ላይ የሚሰካው ከላይ በተማርነው ቅያሬ ነው፦ ወንበሩ ሲቆም ተዋናዩ ይደርቃል፣ መንኮራኩሩ ይለጠፍለታል፣ ከዚያ ፊቱን ያጨማድዳል። መንኮራኩሩን ከጉንጩና ከቅንድቡ ላይ ብቻ ያሳርፉት እንጂ ዓይኑን የሚነካ ነገር አያድርጉ።

ሳቁ ከየት እንደሚመጣ

ብልሃቱን በሚገባ ሠርተው ማንም ያልሳቀበት ፊልም ሊገጥምዎት ይችላል፤ ስለዚህ ስለ ትወናው ጥቂት መቆየት ይገባል። በሜሊዬስ ፊልም ውስጥ ሊቃውንቱ በጉባኤው ላይ ረጃጅም ካባና ሾጣጣ ቆብ አድርገው እንደ ጠንቋይ ይቀርባሉ፤ ይከራከራሉ፤ ባርበንፉዪም በተቃወመው ባልደረባው ላይ ወረቀቱን ይወረውርበታል። ከዚያ ስድስቱ ተጓዦች ካባቸውን አውልቀው የመንገድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በመድፍ ወደ ጨረቃ ተተኩሰው፣ እዚያም እንደ ደረሱ ብርድ ልብሳቸውን አንጥፈው ይተኛሉ። በማይታወቅ ዓለም ውስጥ መሣሪያቸው ዣንጥላ ነው። እኔን የሚያስቀኝ ጭሱ ብቻውን አይደለም፤ ዝናብ ለመከላከል የተሠራ ዕቃ የጨረቃን ንጉሥ ሠራዊት ሲበትን ማየቱና ባለቤቱም ይህንን እንደ ተራ ነገር መቁጠሩ ነው። ስለዚህ ለተዋናይዎ የሚሰጡት ዋና ትእዛዝ እንዳይስቅና እንዳያስቅ ነው። ፕሮፌሰሩ ስለ ራሱ ክብር ከልቡ የሚጨነቅ ሰው ይሁን፤ የጨረቃው ሰው ሲጠፋ መጀመሪያ ይደንግጥ፣ ቀጥሎ ዣንጥላውን በአድናቆት ይመርምር፣ መጨረሻም ከመጀመሪያውም ያሰበው ይህንኑ እንደነበረ ሁሉ ኮቱን ያስተካክል። ሦስቱ ድርጊቶች ተነጣጥለው ይታዩ፤ የፊት ቅርብ ምስል ስለሌለን እያንዳንዱ ስሜት ከራስ እስከ እግር በሰውነት መነገር አለበት።

በፊልሙ ላይ የተጻፈ የንግግር ጽሑፍ የለም። በዚያን ዘመን በብዙ ማሳያዎች ላይ አንድ ተራኪ ከማያው አጠገብ ቆሞ ታሪኩን በቃሉ ያስረዳ፣ ሙዚቀኛም ያጅብ ነበር። ይህን ልማድ እንዲከተሉ አጥብቄ እመክራለሁ፤ በፊልሙ ላይ ድምፅ ከመለጠፍ ይልቅ ተረት ማውራት የሚችል ሰው ፈልገው በማሳያው ጊዜ አጠገቡ ያቁሙት፤ ክራር የሚመታ ካለም ደስ ይላል። በእኛም አገር አዲስ አበባ ውስጥ ከቀደምት ፊልም ማሳያዎች አንዱ በሕዝቡ ዘንድ «ሰይጣን ቤት» ተብሎ መጠራቱ ሲታሰብ፣ ሰው ጭስ ሆኖ ሲጠፋ አጠገቡ ሆኖ የሚያረጋጋና የሚያስቅ ድምፅ መኖሩ ትርጉም እንዳለው ይገባል። ተራኪው ግን ጭሱ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ሰከንድ ዝም ማለት አለበት፤ ቃሉ ከምስሉ ከቀደመ ድንጋጤው ይጠፋል።

ለማሳያው ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ሳይጨማደድ ወጥረው በፕሮጀክተር ቢያሳዩት ከስልክ ማያ የተሻለ ነው፤ የሰው ሙሉ ቁመት የሚታይበት ሥራ ትልቅ ቦታ ይፈልጋል። በመጨረሻም ያልተቆረጠውን ሙሉ ቀረጻ ሳይሰርዙ፣ ከተቀናበረው ፊልም ጋር ከስልኩ ውጭ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስቀምጡት። ሜሊዬስ በ1923 ሁሉን አጥቶ ኔጋቲቮቹን በገዛ እጁ አቃጥሏል፤ ከዚያ በኋላም በሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ መጫወቻና ከረሜላ እየሸጠ ኖሯል። በእጅ የተቀለመው የዚህ ፊልም ቅጂ በ1993 በባርሴሎና ሲገኝ ፊልሙ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ነበር፤ ታድሶ በካን ፌስቲቫል ለተመልካች የበቃው በ2011 ነው።